ፋብሪካው ከመተከሉ በፊት ወንዙ ይመረጥ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ በአስተያየት ዓምድዎ፣ ጎጃም የራሱ የወረቀት ፋብሪካ ሊኖረው እንደሚገባ የሚያሳስብ ጽሑፍ አንብቤአለሁ። ጸሐፊው የአዊን ቀርከሃና የጣናን እምቦጭ እየጠቀሱ፣ ጥሬ ዕቃው ከደጃችን ሞልቶ ሳለ ለደብተርና ለጋዜጣ የሚሆን ወረቀት በውጭ ምንዛሪ መግዛታችን እንደሚያሳፍር ገልጸዋል። በዚህ አልከራከራቸውም፤ የወረቀት ዋጋ በናረ ቁጥር ጋዜጦች ገጽ ሲቀንሱ፣ ወላጆችም በመስከረም ደብተር መግዛት ሲያቅታቸው እያየሁ ሐሳቡን የምቃወምበት ምክንያት የለኝም። ያልተስማማሁት ለአስረጅነት ባቀረቡት ምሳሌ ነው። እንግሊዞች በየገጠሩ የወረቀት ፋብሪካ ለመትከል የቻሉት ማሽን ስለፈለሰፉ ነው፤ እኛም ማሽኑን ካስመጣን ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይመጣል ብለዋል። ታሪኩ ግን እንደዚያ አይደለም። ለብዙ ዓመታት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተማርሁ ሰው እንደ መሆኔ፣ በደቡብ እንግሊዝ ገጠር ውስጥ የነበረን የአንድ የወረቀት ፋብሪካ ታሪክ በተቻለኝ መጠን ስከታተል ኖሬአለሁ። ያ ፋብሪካ የወረቀት ማሽን ከመምጣቱ ከሰማንያ ዓመት በፊት ሥራ ላይ የነበረ፣ ማሽን ከመጣም በኋላ ለረጅም ዘመን በሰው እጅ እየሠራ የዘለቀ ነው። አጽንቶ ያኖረውም ንጹሕ ውሃና የማይከዳ ደንበኛ ነበር። በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልግለጽ።

ፋብሪካው የነበረው ሃምፕሸር በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ በቴስት ወንዝ ዳር፣ ላቨርስቶክ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። ቴስት ትልቅ ወንዝ አይደለም፤ አባይን የሚያውቅ የእኛ አገር ሰው ቢያየው ጅረት ነው ብሎ ተሻግሮት ይሄዳል። ነገር ግን የሚመነጨው ከነጭ የኖራ ድንጋይ ኮረብታ ሥር ነው። የዝናቡ ውሃ በድንጋዩ ውስጥ ቀስ እያለ ሰርጎና ተጣርቶ በምንጭ መልክ ስለሚወጣ፣ ወንዙ በዝናብ ወራትም እምብዛም አይደፈርስም፤ መጠኑ በድንገት ከፍ ዝቅ አይልም፤ ሙቀቱም ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይለዋወጥም። ይህ ለወረቀት ሠሪ ትልቅ ሀብት ነው። በዚያ ዘመን ወረቀት የሚሠራው ከአሮጌ ጨርቅ ነበርና፣ ጨርቁ የሚታጠበው በውሃ ነው፤ የሚደቀቀው ውሃ ውስጥ ነው፤ ወረቀቱ ከሚቀዳበት ገንዳ ውስጥ ያለውም ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ያህል ውሃ ነው። ውሃው ጭቃ ካለበት ጭቃው ከወረቀቱ ጋር ይቀራል። የብረት ማዕድን ካለበት ደግሞ በተሠራበት ዕለት ነጭ የነበረው ወረቀት ውሎ አድሮ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ ያወጣል። ጨርቁን የሚያደቅቁትን መዶሻዎች የሚያነሣና የሚጥለውን መዘውር የሚያዞረውም ያው ውሃ ነበር። እንግዲህ በዚያ ዘመን የወረቀት ሥራ ገጠር የቀረው ባለሙያው የገጠር ኑሮ ስለወደደ አልነበረም፤ የሚፈልገው ውሃ ያለው እዚያ ስለነበረ ነው።

በዚያ ወንዝ ዳር ይህን ሥራ ያቋቋመው ሰው የአገሩ ተወላጅ አልነበረም። አንሪ ደ ፖርታል የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ለፕሮቴስታንቶች የእምነት ነፃነት ይሰጥ የነበረውን የናንት አዋጅ በ1685 ሲሽር አገራቸውን ጥለው ከተሰደዱት ወገኖች አንዱ ሲሆን፣ ሳውዝሃምፕተን ከተማ አጠገብ ሌሎች ፈረንሳውያን ስደተኞች በሚሠሩበት ፋብሪካ የወረቀትን ሙያ ቀሰመ። በ1712 ዊትቸርች ከተባለችው ከተማ ወጣ ብሎ ቤር ሚል የሚባለውን የውሃ ወፍጮ ተከራየ። ዓመቱ ለወረቀት ሠሪ ክፉ ዓመት ነበር፤ የእንግሊዝ ፓርላማ በወረቀት ላይ ቀረጥ የጣለው በዚያው በ1712 ሲሆን፣ ቀረጡም እስከ 1861 ድረስ አልተነሣም። ፖርታል ከስድስት ዓመት በኋላ በዚያው ወንዝ ላይ ወዳለው ወደ ላቨርስቶክ ሥራውን አስፋፋ። በ1724 ደግሞ የእንግሊዝ ባንክ የገንዘብ ኖቱ የሚታተምበትን ወረቀት እንዲያቀርብለት ውል ሰጠው። ውሉ የተገኘበት መንገድ ዛሬ ቢሆን ኦዲተር ያስነሣ ነበር፤ የፖርታል ወዳጅ የነበረው የአካባቢው ባለርስት ሰር ዊሊያም ሂትኮት፣ በዚያን ጊዜ የባንኩ ገዥ ለነበረው ለሰር ጊልበርት ሂትኮት የወንድም ልጅ ነበር። ውድድር ይሁን ዝምድና፣ ውሉ ተፈረመ፤ ያ ባንክም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ደንበኛ ሆኖ ቆየ። ቀረጡ ሌሎችን ሲያንገዳግድ፣ ጦርነት የወረቀትን ገበያ ሲያናጋ፣ የላቨርስቶክ ሠራተኛ ግን የሚሠራውን ወረቀት ማን እንደሚገዛው ያውቅ ነበር።

ደንበኛ ማጣት ምን እንደሚያደርግ ለማየት ከፖርታል ሁለት መቶ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ይበቃል። በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያው የታወቀ ወረቀት ሠሪ ጆን ቴት የተባለ የሎንዶን ነጋዴ ሲሆን፣ ሥራውን በ1490ዎቹ አጋማሽ በሃርትፎርድ ከተማ አጠገብ ጀመረ። ወረቀቱ ጥሩ ነበር፤ በ1495 ገደማ በሎንዶን አጠገብ በዌስትሚንስተር ለታተመ ትልቅ መጽሐፍ ውሏል፤ ንጉሥ ሄንሪ 7ኛም በ1498 ፋብሪካውን ጎብኝቷል። ሆኖም ከፈረንሳይና ከኢጣልያ የሚገባው ወረቀት ርካሽ ስለነበረ፣ ቴት በ1507 ከመሞቱ በፊት ሥራው ቆሟል። ውሃም ነበረው፤ ሙያም ነበረው፤ የንጉሥ ጉብኝትም አልጎደለበትም። የጉብኝት ነገር ከተነሣ፣ እኛም ዘንድ ባለሥልጣን ሪባን ቆርጦላቸው በዓመታቸው በራቸው የተዘጋ ሥራዎች እንዳሉ አንባቢ ያውቃል። ከቴት በኋላ የመጣው የንግሥት ኤልሳቤጥ ወርቅ አንጥረኛ፣ ጀርመናዊው ጆን ስፒልማን ግን ብልህ ነበር። በ1588 በዳርትፎርድ ፋብሪካውን ሲያቆም ከንግሥቲቱ የለመነው ገንዘብ አልነበረም፤ ለወረቀት የሚሆነውን አሮጌ ጨርቅ በአገሩ ሁሉ የመሰብሰብን መብት በብቸኝነት እንድትሰጠው ነው የጠየቀው። ጥሬ ዕቃውን በእጁ አስገብቶ ስለ ተነሣ ሥራው ጸና፤ በኋላም የክብር ማዕረግ አገኘበት።

ጥሬ ዕቃው ቡትቶ መሆኑ ለብዙ አንባቢ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። እንጨት የወረቀት ዋና ምንጭ የሆነው በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ከዚያ በፊት ወረቀት የሚሠራው ከአሮጌ የተልባ እግር ጨርቅና ከጥጥ ነበር፤ ሸሚዝ፣ አንሶላ፣ የመርከብ ሸራና ገመድ ሳይቀር ተለቅሞ ወደ ፋብሪካው ይመጣል። ይህን የሚያበጥሩት ሴቶች ነበሩ። እያንዳንዷ ሴት ቢላዋ ቆሞ በተተከለበት ጠረጴዛ ፊት ትቆምና ቁልፉንና ስፌቱን ቆርጣ ታወጣለች፤ ጨርቁንም በጥራቱ ትለየዋለች። አቧራው ሳንባ ይጎዳ ነበር፤ ፈንጣጣም አልፎ አልፎ በጨርቁ ተሸክሞ ይገባ ነበር። የተለየው ጨርቅ ይታጠባል፤ በቀድሞው ዘመን ረጥቦ ተከምሮ እስኪበሰብስ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ቃጫው እስኪበታተን ድረስ ይደቀቃል። በገንዳው ውስጥ የሚቀረው ቀጠን ያለ አብሲት የመሰለ ነገር ነው። አንደኛው ሠራተኛ በእንጨት ክፈፍ የተወጠረ የሽቦ ወንፊት ገንዳው ውስጥ ነክሮ ያነሣና ቃጫው እርስ በርሱ እንዲያያዝ ወደ ፊትና ወደ ጎን ወዝወዝ ያደርገዋል። ይህን አጭር ውዝዋዜ ያልቻለ ሰው ወረቀቱ በአንድ ጎን ወፍራም በሌላው ስስ ይሆንበታል። ሁለተኛው ሰው ያንን ወንፊት ገልብጦ እርጥቡን ሉክ በሱፍ ጨርቅ ላይ ያሳርፋል፤ ክምሩ ከሞላ በኋላ በመጭመቂያ ተጨምቆ ውሃው ሲወጣ፣ ሦስተኛው ሰው ሉኮቹን ከሱፉ ላይ እየላጠ ያነባብራል። ከዚያም ግድግዳው በሚከፈትና በሚዘጋ ሳንቃ በተሠራ ሰገነት ላይ፣ እንደ ነፋሱ ሁኔታ እየተከፈተና እየተዘጋ፣ በገመድ ተሰቅሎ ይደርቃል።

በዚህ ብቻ የተሠራ ወረቀት ቀለም ይመጥጣል እንጂ አይጻፍበትም። ስለዚህ የደረቀው ወረቀት ከእንስሳ ቆዳ ቁርጥራጭ ተቀቅሎ በተሠራ ሙጫ ውስጥ ይነከር ነበር። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ከዲማ ጊዮርጊስና ከመርጡለ ማርያም ብራና ጋር የሚያያዝ ነገር አገኝበታለሁ። የእኛ ብራና ፋቂ ቆዳውን ዘፍዝፎ፣ ወጥሮ፣ ሥጋውንና ጠጉሩን ፍቆ፣ ቆዳውን ራሱን መጻፊያ ያደርገዋል። እንግሊዙ ደግሞ ጨርቁን ወረቀት ካደረገ በኋላ ቆዳውን በሙጫ መልክ ይመልስበታል። በሙጫው ውስጥ የገባ ወረቀት ዕድሜው ረጅም ነው። የ1700ዎቹ የሂሳብ መዝገብ ዛሬም ሳይሰበር ሲገለጥ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ በሻብና በዛፍ ሙጫ በርካሽ የተሠራው ወረቀት ግን በአሲዱ ምክንያት ቢጫ ሆኖ በጣት ይፈረፈራል። ለቤተ ክርስቲያን መዝገብ ወይም ለመሬት ይዞታ ሰነድ የምንጠቀምበት ወረቀት ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም፤ ይህ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ስለሚያስፈልገው ልለፈው።

ላቨርስቶክን ከሌሎቹ የለየው በወንፊቱ ላይ የሚሰፋው ሽቦ ነው። ሽቦው ባለበት ቦታ ወረቀቱ ስለሚሳሳ፣ ኖቱን ወደ ብርሃን ያነሣ ሰው የባንኩን ጽሑፍና ምልክት ያያል። የዚያ ዘመን ኖት በጥቁር ቀለም በአንድ ገጽ ብቻ የሚታተም ስለነበረ፣ ማተሙን ብዙ ቅርጽ ቀራጭ ሊያስመስለው ይችላል፤ የኖቱ ዋና ጠባቂ ወረቀቱ ነበር። ነገሩ የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሆነው በ1797፣ ከፈረንሳይ ጋር በነበረው ጦርነት ሳቢያ ባንኩ ኖትን በወርቅ መመንዘር ሲያቆም ነው። የ1 እና የ2 ፓውንድ ኖቶች በብዛት ወጡ። ማንበብ የማይችለው ድሀ ሰው ከሳንቲም በቀር አያውቅም ነበርና አሁን ደመወዙን በወረቀት ተቀበለ፤ ሐሰተኛውም ኖት በእጁ ገባ። ከዚያ ዓመት እስከ 1821 ባለው ጊዜ ውስጥ ከ300 በላይ ሰዎች በሐሰተኛ ኖት ምክንያት በስቅላት ተቀጥተዋል። በ1820ዎቹ ዊሊያም ኮቤት የተባለው ገበሬና ጋዜጠኛ በፈረስ በላቨርስቶክ በኩል ሲያልፍ ፋብሪካውን አይቶ ተቆጥቷል፤ ከዚህች ሚጢጢ ወንዝ የወጣው ወረቀት በአገሩ ላይ ያመጣውን መዘዝ በመራራ ቃል ጽፎታል። ኮቤት ነገር አክራሪ ነበር፤ ዳሩ ግን ወረቀት ሠሪና ስቅላት በአንድ ክር እንደተያያዙ ካዩት ጥቂቶች አንዱ እርሱ ነው።

ስለ ወረቀቱ ጥራት ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ግን ከመቶ ዓመት በኋላ የሆነው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ናዚዎች በዛክሰንሃውዘን ማጎሪያ ያሰሯቸውን እስረኞች የእንግሊዝን ኖት በሐሰት እንዲያትሙ አስገድደዋቸው ነበር። የማተሙ ሥራ ብዙም አልከበዳቸውም፤ ወረቀቱ ግን አስቸገራቸው። ከአዲስ ጨርቅ የሠሩት ወረቀት በልዩ መብራት ሲታይ ከእውነተኛው ይለይ ነበር። በመጨረሻ ያገኙት መላ፣ ጨርቁን መጀመሪያ በፋብሪካዎች ለመወልወያ ሰጥተው፣ አቆሽሸው፣ መልሰው አጥበው ወረቀት ማድረግ ነበር። የሃምፕሸር መንደር ሴቶች ለሁለት መቶ ዓመት ሲለቅሙት የኖሩት ቡትቶ በአዲስ ጨርቅ ሊተካ አልቻለም። ባንኩ በ1940 ባወጣው ባለ 1 ፓውንድ ኖት ወረቀት ውስጥ የብረት ክር ያስገባ ሲሆን፣ ይህም በዓለም የመጀመሪያው ነበር።

አሁን ወደ ማሽኑ ልመለስ። የወረቀት ማሽንን የፈለሰፈው እንግሊዛዊ አልነበረም፤ ኒኮላ ሉዊ ሮቤር የተባለ ፈረንሳዊ በ1799 የፈጠራ መብት ያወጣበት ሲሆን፣ በእንግሊዝ አገር በብራያን ዶንኪን እጅ ተሻሽሎ በ1803 በሃርትፎርድሸር ፍሮግሞር በተባለው ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ወጪውን የሸፈኑት የፎርድሪኒየር ወንድማማቾች 60,000 ፓውንድ ገደማ አፍስሰውበት በ1810 ከሰሩ። ስማቸው ዛሬ በማሽኑ ላይ ቀርቷል፤ ሀብታቸው ግን አልተመለሰም። ማሽኑ ሲስፋፋ በእጅ ይሠሩ የነበሩ ብዙዎች ሥራ አጡ፤ በ1830 ኅዳር ላይ በባኪንግሃምሸር ሃይ ዊኮምብ አካባቢ ሠራተኞች ተነሥተው በየፋብሪካው ያገኙትን ማሽን ሰባብረዋል። ማሽን ወረቀትን አበዛ፤ ቡትቶን ግን አላበዛም። በመቶ ዘመኑ አጋማሽ የጨርቅ እጥረት ሲጠና፣ ቶማስ ራውትሌጅ የተባለ ሰው በ1850ዎቹ መጨረሻ በኦክስፎርድሸር ኤይንሻም በተባለች የገጠር መንደር ባለው ፋብሪካ፣ ከስፔንና ከሰሜን አፍሪካ ከሚመጣ እስፓርቶ ከተባለ ሣር ወረቀት ሠራ።

የጸሐፊው ቀርከሃ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ በጥንቃቄ እንድናየው የምለምነውም ይህንኑ ነው። ቡትቶ ቀድሞ ፈታይና ሸማኔ ያጠሩት ስለሆነ በማጠብና በመደቀቅ ብቻ ወረቀት ይሆናል። ሣርና ቀርከሃ ግን ቃጫቸው በሌላ ነገር ተጣብቆ ስለሚገኝ በኮስቲክ ሶዳ ካልተቀቀሉ አይላቀቁም። ከቅቅሉ የሚወጣው ጥቁር ፈሳሽ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ዓሣው ያልቃል፤ ከታች ያለው ሰውም የሚጠጣው ያጣል። በእስፓርቶ የሠሩ የእንግሊዝና የስኮትላንድ ፋብሪካዎች ወንዞችን እስከዚያ ድረስ አበላሹ፤ ክሱና አቤቱታው በዝቶ ፓርላማው በ1876 የወንዞችን ብክለት የሚከለክል ሕግ አወጣ። ዛሬ ትልልቅ ፋብሪካዎች ጥቁሩን ፈሳሽ አጥንነው፣ አቃጥለው፣ ሶዳውን መልሰው ይጠቀሙበታል። ነገር ግን ቀርከሃና ገለባ ሲሊካ የሚባለው አሸዋማ ንጥረ ነገር ስለሚበዛባቸው የማጥነኛውን ቱቦ ይደፍናሉ፤ መልሶ የመጠቀሙ ሥራም ከእንጨት ይልቅ ይከብዳል። የመልሶ መጠቀሚያው ዕቃ ውድ ስለሆነ ትንሽ ፋብሪካ አይችለውም። ስለዚህ የቀርከሃ ፋብሪካ ወይ በጣም ትልቅ ሆኖ ይተከላል፣ ወይ ወንዝ ይገድላል፤ መካከለኛው መንገድ ጠባብ ነው።

ወንዙ ደግሞ የእኛ ነው። ከጮቄ የሚወርዱት ጨሞጋ፣ ሙጋና ሱሃ በጥር ወር ጠጠራቸው ይታያል፤ በሐምሌ ግን ከታረሰው ተዳፋት ሁሉ አፈር ተሸክመው ቀይ ሆነው ይወርዳሉ። በዚያ ውሃ የተሠራ ወረቀት ነጭ ሊሆን አይችልም፤ ማጣሪያ ገንዳ ቢሠራለትም ገንዳው ራሱ ከክረምቱ ጋር ደለል ይሞላል። ከፋብሪካው በታች ደግሞ እንስሳ የሚጠጣበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ በአንዳንዱ ቦታም ለመጠጥ የሚቀዳበት ነው፤ ሁሉም በመጨረሻ አባይ ይገባል። ስለ እምቦጩም ቢሆን አንድ ነገር ልጨምር። እምቦጭ ከመቶው ዘጠና እጅ በላይ ውሃ ነው፤ አንድ መኪና ሙሉ ጭኖ የሚሄድ ሰው ከሞላ ጎደል ውሃ እያጓጓዘ ነው። ከዚህም በላይ፣ ሐይቁን ከእምቦጭ ለማጽዳት እየደከምን ፋብሪካችን በእምቦጭ ላይ እንዲቆም ብናደርግ፣ ጽዳቱ በተሳካ ዕለት ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ ያጣል።

እንግዲያው ተስፋ የለንም ወይ ከተባልሁ፣ ያለን ይመስለኛል፤ በሚቀቀለው ሳይሆን በማይቀቀለው መጀመር ይቻላል። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1961 ከጣልያን የጦር ካሣ በተገኘ ገንዘብ ከተቋቋመ ወዲህ የጥጥ ብናኝና ቁርጥራጭ ሲያወጣ ኖሯል፤ ይህ ፖርታል በደስታ የሚገዛው ዓይነት ነው። በየልብስ ስፌቱ ሥር የሚጠረገው ጨርቅ አለ። በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የተከመረው የተጻፈበት ወረቀትም አለ። እኔ ባስተማርሁበት አንድ ትምህርት ቤት የዓመታት የፈተና ወረቀት ክፍል ለማስለቀቅ ተብሎ ከግቢው ጀርባ ሲቃጠል አይቻለሁ፤ ኃላፊው ለምን እንደሚቃጠል ስጠይቃቸው የሚወስደው ሰው ስለሌለ ነው አሉኝ፤ እውነታቸውንም ነበር። ይህን ሁሉ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ደቅቆ የፋይል መያዣ፣ የእንቁላል ካርቶንና ወፍራም የመዝገብ ልባስ ለማድረግ ኮስቲክ ሶዳ አያስፈልግም፤ ብዙ ነጭነትም አይጠየቅም፤ ውሃውም ተጣርቶ ደጋግሞ ሊያገለግል ይችላል። ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ ሊታሰብ የሚገባው ተልባ ነው። እኛ ተልባን የምንዘራው ለፍሬው ነውና አገዳው ከተወቃ በኋላ ከብት እንኳ እምብዛም አይመኘውም፤ በካናዳ ግን ለዘይት ከተዘራ ተልባ የተረፈው አገዳ ለሲጋራ ወረቀት ሲውል ኖሯል። አገዳው እርግጥ መቀቀል ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሁለተኛው እርምጃ እንጂ የመጀመሪያው ሊሆን አይገባውም።

ደንበኛውንም በሚመለከት ነገሩን አስቀድመን እንወቀው። ከውጭ የሚገባው ካርቶን በአንድ ዓመት ሲወደድ ሁሉም የአገር ውስጡን ይፈልጋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሲረክስ ሁሉም ትቶት ይሄዳል፤ የቴት ዕጣ ይህ ነበር። የዞን አስተዳደሮች፣ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች፣ ፍርድ ቤቶችና ኅብረት ሥራ ማኅበራት ለሚያስፈልጋቸው ፋይልና መዝገብ ለአምስት ወይም ለአሥር ዓመት የሚጸና ውል ካልፈረሙ፣ ማሽኑ ቢገባም ዝገት ይበላዋል። ውሉ ግን በሂትኮት መንገድ ሳይሆን በግልጽ ጨረታ ይሁን፤ ዝምድናው እኛ ዘንድ ፖርታልን አያፈራልንም።

ለፍትሕ ሲባል የላቨርስቶክን ፍጻሜም መናገር አለብኝ፤ በአንድ ደንበኛ ላይ መንጠልጠል የራሱ አደጋ እንዳለው ያሳያልና። በላቨርስቶክ ወረቀት መሥራት በ1963 አቆመ፤ ሥራው በዚያው ወንዝ ሸለቆ ወደምትገኘው ወደ ኦቨርተን ተጠቃለለ። ከዚያ ወዲህ የኖት ወረቀት ለብዙ አገሮች ሲቀርብ ቆይቶ፣ የእንግሊዝ ባንክ ከ2016 ጀምሮ ባለ 5 ፓውንዱን፣ ቀጥሎም እስከ 2021 ድረስ ሌሎቹን ኖቶች ሁሉ ከፕላስቲክ አሠራ። በ2022 የወረቀት ኖቶቹ ከዝውውር ሲወጡ፣ በዚያው ዓመት የኦቨርተኑ ፋብሪካ እንደሚዘጋ ተነገረ። በላቨርስቶክ የቀረውን አሮጌ ሕንፃ ግን የጂን አረቄ አምራች ድርጅት አድሶት በ2014 ለጎብኚዎች ከፍቶታል፤ የቴስት ወንዝም አሁን በግቢው መካከል አልፎ ይሄዳል። ወረቀት ሠሪዎቹ ሄደው ውሃው ንጹሕ ሆኖ ስለቀረ ሌላ ሥራ ሊገባበት ቻለ፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ወንዙን አበላሽቶ የሚዘጋ ፋብሪካ ቢሆን ኖሮ ይህም አይገኝም ነበር።

ስለዚህ የጽሑፉን ባለቤት በጋዜጣዎ በኩል በአክብሮት የምጠይቃቸው ነገር አለኝ። ያሰቡት ፋብሪካ በየትኛው ወንዝ ዳር እንደሚቆም በስሙ ይንገሩን፤ የዚያ ወንዝ ውሃ በሐምሌና በጥር ተቀድቶ በነጭ ጥጥ ቢጣራ በጥጡ ላይ ምን እንደሚቀር አስመርምረው ይጻፉልን፤ ከፋብሪካው በታች ያሉት ቀበሌዎች ውሃቸውን ከየት እንደሚቀዱም ጠይቀው ያሳውቁን። ይህን ካቀረቡ እኔም የሚስማማውን የጥሬ ዕቃ ዓይነትና የቆዩትን ፋብሪካዎች አሠራር የሚመለከት ያለኝን ማስታወሻ ሁሉ ሳልሰስት አካፍላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር
ደብረ ማርቆስ፣ ምሥራቅ ጎጃም